ቲፓክ

በትምህርት ጥናት «ቲፓክ» የሚባለው መምህር በቴክኖሎጂ ለማስተማር የሚያስፈልገው የተጣመረ ዕውቀት ነው፤ የትምህርቱ ይዘት፣ የማስተማር ዘዴው እና የመሣሪያው አጠቃቀም። ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ይዘትና ዘዴ እንደማይነጣጠሉ አስረዱ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ፑንያ ሚሽራና ማቲው ኮለር ቴክኖሎጂን ጨመሩበት።

ቃሉ ባይለመድም የዚህን ዕውቀት ጉድለት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት አይተነዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ በሳተላይት የሚሰራጭ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲጀመር፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በፍጥነት ይነጉድ ነበር። ተማሪው ባይገባው መምህሩ ስርጭቱን ማቆም አይችልም ነበር። ለማብራሪያ የሚተርፉት መግቢያና መደምደሚያ ላይ ያሉ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ።

በተቃራኒው፣ ምሥራቅ ወለጋ፣ ኪራሙ ላይ ፊዚክስ የሚያስተምር መምህርን እናስብ። ብዙ ተማሪዎች ኮረንቲ የመጀመሪያው አምፖል ላይ ተበልቶ የሚያልቅ ይመስላቸዋል። ይህን የሚያውቅ መምህር፣ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በነፃ የሚያቀርበውን «ፌት» የተባለ የኮምፒውተር መለማመጃ ነቀምቴ ላይ ላፕቶፑ ላይ ጭኖ ይመጣል፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሁለተኛውን ተመሳሳይ አምፖል በተከታታይ ከመቀጠሉ በፊት «የትኛው ይደምቃል?» ብሎ ያስገምታል። ሁለቱ እኩል ሲበሩ «ለምን?» ብሎ በአፋን ኦሮሞ ያወያያል፤ የእንግሊዝኛው ስያሜ ከዚያ ይከተላል። ላፕቶፑ ቻርጅ ከጨረሰ ያንኑ ጥያቄ በባትሪ ድንጋይና በትንንሽ አምፖሎች ያሳያል።

ስለዚህ የመምህራን ሥልጠና ኮምፒውተር ከማስከፈትና ፓወርፖይንት ከማሠራት አልፎ በየትምህርት ዓይነቱ ሊሰጥ ይገባል፤ የፊዚክሱ ከኮረንቲ፣ የጂኦግራፊው ከካርታ፣ የሒሳቡ ከግራፍ ጋር ተያይዞ።