የቢውፈርት ካውንቲ ቀደምት ቤተሰቦችና ነዋሪዎች፦ የዘር ሐረግን በሰነድ ለማጣራት የሚረዳ መረጃ

የቢውፈርት ካውንቲ በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ግዛት፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ የሚገኝ፣ በርካታ ደሴቶችንና ረግረጋማ መሬቶችን የያዘ አካባቢ ነው። የቀደምት ነዋሪዎቹን ማንነት ማጣራት ከታሪክ ዕውቀት ያለፈ ጥቅም አለው። በአካባቢው ያለ ኑዛዜ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ ብዙ መሬት ስለሚገኝ፣ አንድ ሰው የማን ልጅና የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ በሰነድ ማስረዳት መቻሉ በአያቶቹ መሬት ላይ ያለውን መብት እስከመወሰን ይደርሳል። ይህ መረጃ ሰነዶቹ የት እንደሚገኙ፣ ምን እንደሚይዙና በምን ቅደም ተከተል መፈለግ እንዳለባቸው ያብራራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

የአካባቢው ስያሜና ወሰን

ፍለጋ የሚጀምር ሰው አስቀድሞ የቦታውን ስም በትክክል መለየት ይኖርበታል። በሰሜን ካሮላይና ግዛት በእንግሊዝኛ በተመሳሳይ ፊደላት የሚጻፍ፣ ሲነበብ ግን “ቦፈርት” የሚባል ሌላ ካውንቲ አለ። የሁለቱ መዛግብት በቀላሉ ስለሚምታቱ፣ በማንኛውም ጥያቄ ላይ የግዛቱ ስም አብሮ መጻፍ አለበት።

የአስተዳደር ወሰኑም በየዘመኑ ተለዋውጧል። በቅኝ ግዛት ዘመን አካባቢው በቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎች ተከፍሎ ይተዳደር ነበር፤ የሴንት ሄሌና አጥቢያ የተቋቋመው በ1712 ነው። ከ1769 በኋላ የቢውፈርት አውራጃ የሚባል የፍርድ ቤት ክልል ተመሠረተ። በ1868 የወጣው የግዛቱ ሕገ መንግሥት አውራጃዎችን ወደ ካውንቲነት ለወጠ። በ1878 የሃምፕተን ካውንቲ ከቢውፈርት ተከፍሎ ወጣ፤ በ1912 ደግሞ የጃስፐር ካውንቲ ከቢውፈርትና ከሃምፕተን ተወስዶ ተቋቋመ። ስለሆነም አንድ ቤተሰብ ከቀየው ሳይነቃነቅ ስሙ በተለያዩ ካውንቲዎች መዝገብ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ቀደምት ነዋሪዎች

አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት በአካባቢው የአገሬው ተወላጅ ሕዝቦች ይኖሩ ነበር። ፈረንሳውያን በ1562 ምሽግ ሠርተው ብዙም ሳይቆዩ ለቀቁ። ስፔናውያን በ1566 ሳንታ ኤሌና የተባለች ከተማ መሥርተው እስከ 1587 ቆዩ። የቢውፈርት ከተማ በእንግሊዞች የተቆረቆረችው በ1711 ሲሆን፣ ከአራት ዓመት በኋላ በ1715 የተነሣው የያማሲ ጦርነት አዲሱን ሰፈራ ክፉኛ ጎድቶታል።

ከዚያ በኋላ ሩዝ፣ ሰማያዊ ማቅለሚያ የሚወጣበት የኢንዲጎ ተክል፣ ቀጥሎም ክሩ ረጅምና ልስልስ የሆነ የደሴቶቹ ጥጥ የአካባቢው ሀብት ምንጭ ሆኑ። ይህን እርሻ ያለሙት ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ከነጮቹ ባለርስቶች በቁጥር እጅግ የሚበልጡት እነዚህ ነዋሪዎች፣ ዛሬ ጉላ ጊቺ በሚል ስም የሚታወቀውን ማኅበረሰብና የራሱን ቋንቋ ፈጥረዋል። የቀደምት ቤተሰቦች ፍለጋ በአብዛኛው የእነርሱ ታሪክ ፍለጋ ነው።

በፍርድ ቤት መዛግብት ላይ ያለው ክፍተት

እስከ 1780ዎቹ አጋማሽ ድረስ ኑዛዜዎችና የመሬት ውሎች የሚመዘገቡት በቻርልስተን ከተማ ስለነበር፣ የዚያ ዘመን ሰነዶች ተርፈዋል። ከዚያ ወዲህ ያሉት በአውራጃው ፍርድ ቤት ይቀመጡ ነበር። የጄኔራል ሸርማን ሠራዊት በ1865 መጀመሪያ ወደ ደቡብ ካሮላይና ሲዘልቅ፣ የአውራጃው መቀመጫ በነበረችው በጊሊሰንቪል የሚገኘው ፍርድ ቤት ተቃጠለ። በዚህም የኑዛዜ፣ የውርስና የመሬት መዝገቦች አብዛኛው ክፍል ጠፋ።

የተረፉት በሌላ ቦታ የተያዙ ሰነዶች ናቸው። ከእነዚህም መካከል በኮሎምቢያ ከተማ በግዛቱ የቤተ መዛግብትና የታሪክ መምሪያ የሚገኙ የመሬት ስጦታዎችና የቅየሳ ካርታዎች፣ የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገቦች እንዲሁም የባለርስት ቤተሰቦች የግል ወረቀቶች ይጠቀሳሉ። በባርነት የተያዙ ሰዎች ስም በብዛት የሚገኘው በእነዚህ የግል ወረቀቶች ውስጥ፣ ከብትና ዕቃ በተዘረዘረበት የንብረት ቆጠራ መካከል ነው። ንባቡ ልብን የሚከብድ ቢሆንም፣ እናትና ልጅ በአንድነት ተጽፈው የሚገኙበት ብቸኛ ማስረጃ እርሱ ሊሆን ይችላል።

ከ1861 በኋላ የተፈጠሩ መዛግብት

ኅዳር 7 ቀን 1861 የፌዴራሉ መንግሥት የባሕር ኃይል የፖርት ሮያልን ወሽመጥ ያዘ። ባለርስቶቹ ሸሹ፤ በባርነት የነበሩት ግን በመሬቱ ላይ ቀሩ። በዚህ ምክንያት የቢውፈርት ነዋሪዎች ስም፣ ጦርነቱ ሳያበቃ፣ ከሌሎች የደቡብ አካባቢዎች ቀድሞ በመንግሥት ሰነድ ላይ መመዝገብ ጀመረ። ዋና ዋናዎቹ ሰነዶች የሚከተሉት ናቸው።

የቀጥተኛ ግብር ሰነዶች፦ በ1862 የወጣው የቀጥተኛ ግብር ሕግ ባለርስቶች ያልከፈሉበት መሬት በሐራጅ እንዲሸጥ መንገድ ከፈተ። ሽያጩ በ1863 ሲጀመር፣ ከባርነት የወጡ የቤተሰብ ኃላፊዎችም ከ20 ኤከር ያልበለጠ መሬት በስማቸው እንዲገዙ ተፈቀደ። የገዢው ስም፣ የመሬቱ ስፋትና ቦታ በመዝገብ ሰፍሯል። በጥር 1865 የወጣው የሸርማን ትእዛዝ የሰጠው መሬት በአብዛኛው ለቀድሞ ባለቤቶች ሲመለስ፣ በግብር ሽያጭ የተገዛው ግን ጸንቷል። በቢውፈርት በባርነት ተወልዶ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የሆነው ሮበርት ስሞልስ የቀድሞ ጌታውን ቤት የገዛው በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ ባለቤትነቱ በክርክር ሲነሣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለእርሱ ፈርዶለታል።

የወታደሮች የጡረታ ፋይሎች፦ ከአካባቢው ብዙ ወንዶች በፌዴራሉ ጦር ጥቁር ክፍለ ጦሮች ውስጥ አገልግለዋል። ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ጡረታ ለማግኘት ጋብቻቸውንና የልጆቻቸውን ልደት በምስክር ማስረዳት ነበረባቸው። ጎረቤትና ዘመድ የሰጠው ቃል በፋይሉ ውስጥ ስለሚገኝ፣ አንድ ፋይል የበርካታ ቤተሰቦችን ዝምድና ሊያሳይ ይችላል። ፋይሎቹ በዋሽንግተን ዲሲ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ።

የፍሪድመንስ ባንክ መዝገቦች፦ ከ1865 እስከ 1874 የሠራው ይህ ባንክ በቢውፈርት ቅርንጫፍ ነበረው። ገንዘብ አስቀማጩ ዕድሜውን፣ የትውልድ ቦታውን፣ ሥራውን፣ የትዳር ጓደኛውን፣ የልጆቹን፣ የወላጆቹንና የወንድሞቹንና እኅቶቹን ስም ያስመዘግብ ነበር። አንዳንዱ ቅጽ የቀድሞ ጌታውን ስም ጭምር ይይዛል።

የትምህርት ቤትና የአካባቢ ስብስቦች፦ በ1862 በሴንት ሄሌና ደሴት የተመሠረተው የፔን ትምህርት ቤት ወረቀቶች በቻፐል ሂል በሚገኘው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠዋል። የካውንቲው ቤተ መጻሕፍትም ስለ ቀድሞው አውራጃ የተሰበሰቡ ጽሑፎችን የያዘ ልዩ ክፍል አለው።

ስሞችን ስለ መለየት

በኢትዮጵያ ልማድ የአንድ ሰው ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም በመሆኑ በየትውልዱ ይለወጣል። በአሜሪካ መዝገብ ግን የቤተሰብ ስም ሳይለወጥ ይወረሳል፤ ሴቶችም ሲያገቡ አብዛኛውን ጊዜ የባላቸውን የቤተሰብ ስም ይይዛሉ። ስለዚህ የአንዲትን እናት ወላጆች ለማግኘት ከጋብቻ በፊት የነበራትን ስም ማወቅ ያስፈልጋል።

ከባርነት የወጡ ሰዎች የያዙት የቤተሰብ ስም የመጨረሻው ጌታቸው ስም ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ላይ ይጥላል። አንዳንዶች የቀደመ ባለርስትን ስም፣ ሌሎች ራሳቸው የመረጡትን ስም ይዘዋል፤ ወንድማማቾችም በተለያየ ስም ተመዝግበው ሊገኙ ይችላሉ። በጉላ ጊቺ ማኅበረሰብ ደግሞ ከመዝገብ ስም ሌላ በቤተሰብና በሰፈር ብቻ የሚጠራ የቤት ስም መኖሩ የተለመደ ነው። ሽማግሌዎች የሚያውቁት ይህን ስም ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ሲጠየቁ ሁለቱንም ስሞች ማስጻፍ ይገባል።

የፍለጋው ቅደም ተከተል

ፍለጋው ከቅርቡ ትውልድ ተነሥቶ ወደ ኋላ መሄድ አለበት።

1. በቅድሚያ በሕይወት ያሉ አዛውንቶችን ቃል መመዝገብ፣ የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስን፣ የቀብር ሥርዓት ወረቀቶችንና የመሬት ግብር ደረሰኞችን መሰብሰብ።

2. የሞት የምስክር ወረቀቶችን መጠየቅ። በግዛቱ የልደትና የሞት ምዝገባ የተጀመረው በ1915፣ የጋብቻ ፈቃድ ደግሞ በ1911 ነው። የሞት ምስክር ወረቀት የሟቹን ወላጆች ስም የሚጠይቅ በመሆኑ፣ በምዝገባው የመጀመሪያ ዓመታት የሞተ የ70 ዓመት አዛውንት ወረቀት በባርነት ዘመን የኖሩ ወላጆቹን ስም ሊያስገኝ ይችላል።

3. የሕዝብ ቆጠራ መዝገቦችን ከ1950 ጀምሮ ወደ ኋላ መመርመር። የ1890ው ቆጠራ በእሳት ጉዳት በአብዛኛው ስለ ጠፋ ከ1900 ወደ 1880 መሻገር ግድ ይላል። የ1880ው ቆጠራ እያንዳንዱ ሰው ከቤቱ ኃላፊ ጋር ያለውን ዝምድና ሲገልጽ፣ የ1870ው ግን አይገልጽም። ይሁንና ከባርነት የወጡት ሁሉ በሙሉ ስማቸው የተቆጠሩት ለመጀመሪያ ጊዜ በ1870 ነው።

4. ከ1870 በፊት ላለው ዘመን ከላይ የተዘረዘሩትን የግብር፣ የጡረታና የባንክ ሰነዶች ማየት። በ1850ና በ1860 የተያዙት የባሪያዎች ዝርዝሮች በጥቅሉ ዕድሜንና ፆታን በባለርስቱ ስም ሥር ብቻ ስለሚያሳዩ፣ ለብቻቸው የአንድን ሰው ማንነት አያረጋግጡም።

5. የተገኘውን ስም ከመሬቱ ጋር ማገናዘብ። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሰዎች የሚለዩት ብዙውን ጊዜ በኖሩበት የእርሻ ይዞታና በጎረቤቶቻቸው ነው።

ያለ ኑዛዜ የተወረሰ መሬት

በ1860ዎቹ መሬት የገዙ ብዙ ቤተሰቦች ኑዛዜ ሳይተዉ ስላለፉ፣ መሬቱ ሳይከፋፈል ለወራሾቹ ሁሉ የጋራ ሆኖ ቀርቷል። በሕጉ መሠረት በሴንት ሄሌና የሚኖረውም ሆነ ከትውልድ በፊት ወደ ሰሜን የሄደው ዘመድ ድርሻ አለው። ከወራሾቹ አንዱ፣ ወይም የአንዱን ድርሻ የገዛ የውጭ ሰው፣ የጋራ ባለቤትነቱ እንዲከፈል ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። ቀደም ሲል እንዲህ ያለው ጥያቄ መሬቱ ሁሉ በሐራጅ እንዲሸጥ እያደረገ ብዙ ቤተሰቦችን ከቀያቸው አፈናቅሏል።

ከጥር 1 ቀን 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው፣ በክሌመንታ ፒንክኒ ስም የተሰየመው የግዛቱ ሕግ ለወራሾች የተሻለ ጥበቃ ሰጥቷል። ሕጉ መሬቱ በትክክለኛ ዋጋ እንዲገመት፣ ሽያጭ የጠየቀውን ወገን ድርሻ ሌሎቹ ወራሾች ቀድመው መግዛት እንዲችሉ፣ የሚቻል ሲሆንም ከመሸጥ ይልቅ መሬቱ ራሱ እንዲከፋፈል ይደነግጋል።

ይሁን እንጂ በዚህ መብት የሚጠቀመው ወራሽነቱን ያስረዳ ሰው ነው። ለዚህም ከመጀመሪያው የመሬቱ ገዢ አንሥቶ እያንዳንዱን ልጅ፣ ጋብቻና ሞት ከነቀኑና ከነቦታው የሚያሳይ የዘር ሐረግ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፤ ልጅ ሳይወልዱ የሞቱና ወደ ሌላ ግዛት የሄዱም ሊታለፉ አይገባም። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ማስረጃው የተገኘበት መዝገብ ይጠቀሳል። ሠንጠረዡ ከግብር ደረሰኞቹ ጋር በግዛቱ ውስጥ የመሥራት ፈቃድ ላለው ጠበቃ መቅረብ ያለበት ሲሆን፣ ክርክር ከመነሣቱና ቃላቸውን ሊሰጡ የሚችሉ አዛውንቶች ከማለፋቸው በፊት ቢዘጋጅ ይመረጣል።