ከነጃሺ ችሎት እስከ ጅዳ



ቁረይሾች ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሶሓቦች ለማስመለስ ዐምር ኢብኑል ዓስን ስጦታ አስይዘው ላኩት። ነጃሺ ግን ስደተኞቹን ሳይሰማ አሳልፎ አልሰጠም። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ስለሁሉም ተናገረ፤ ንጉሡም አዳመጠ።

በጥቅምት 2006 ሳዑዲ የሰጠችው የምህረት ጊዜ ሲያበቃ፣ ከእኛ ወገኖች ብዙዎቹ የሚናገርላቸው ወረቀት አልነበራቸውም። ከፊሉ በየመን በኩል በባሕር የገቡ፣ ከፊሉ ፓስፖርታቸው አሠሪው ጋር የቀረ ነበሩ። በወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ተመለሱ። ለመግቢያ ሊሴ ፓሴ በቂ ነበር፤ ያልተከፈለን ደሞዝ ግን አያስመልስም። ብዙዎች ባዶ እጃቸውን ቦሌ ወረዱ።

በዚያው ወር መንግሥት ለሥራ ወደ ዓረብ አገራት መሄድን አገደ። እገዳው እስከ 2010 ሲቆይ ደላላው አላረፈም። በመካከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ግን የሁለትዮሽ ስምምነትንና የሠራተኛ ጉዳይ አታሼን ደነገገ።

ከሁሩታም ሆነ ከኢተያ ለመሄድ የምታስቡ ወንድም እህቶች! ቆንስላ የሚከራከረው በማስረጃ ነው። የውላችሁንና የፓስፖርታችሁን ቅጂ ለቤተሰብ ሳትተዉ አትውጡ። አላህ ስደተኞቻችንን ይጠብቅልን!