የሐይቅ ቆሮሶ ከየት መጣ?

ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲጓዝ ሐይቅ ከተማ ላይ ወርዶ የተጠበሰ ዓሳ ያልበላ ካለ እጁን ያውጣ! የበላችሁ ደግሞ ያ ቆሮሶ ዓለም ሲፈጠር ጀምሮ እዚያ የነበረ ይመስላችሁ ይሆናል። አልነበረም።

የእስጢፋኖስን ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ ያደራጁት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቆሮሶው ወደ ሐይቁ የተጨመረው ግን በ1978 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ደርግ ሥልጣን ላይ ነበር፤ ወሎ ከ1973ቱ ረሃብ ገና አላገገመም። ዓሳው ተመቸውና ተባዛ። ለመረብ ጣዩም ለጠባሹም እንጀራ ሆነ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ደስ ይላል።

የማይወራው ሌላ ነው። ቀድሞ በዚያ ውሃ ውስጥ የውሃ ቁንጫ የሚባል ደቃቅ ፍጥረት ነበር። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን አልጌ እየበላ ያጠራዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን አካባቢ በተደረገ ልኬት ዓይን ወደ 9 ሜትር ያህል ዘልቆ ያይ ነበር። ቆሮሶው ከገባ በኋላ ሲለካ ከ2 ሜትር በታች ወረደ፤ ቁንጫውም ጠፋ። አጥኚዎች አንዱን ምክንያት በአዲሱ ዓሳ ላይ ያደርጉታል። ብቻውን አይደለም እንጂ፤ ከተራቆተው ተዳፋት በጎርፍ የሚገባው አፈርም አለበት።

ይሄ የኛ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ ወደ አሜሪካ እንሻገር። ሞንታና ውስጥ ፍላትሄድ የሚባል ሐይቅ አለ። በ1916 ኮካኒ የተባለ፣ ባሕር ሳይወርድ ሐይቅ ውስጥ የሚኖር የሳልሞን ዓይነት ተጨመረበት። እሱም ቀለቡ የውሃ ቁንጫ ነው። አጥማጆቹ ትሮሊንግ በሚሉት ዘዴ ይይዙታል፦ ጀልባዋን በዝግታ እየነዱ፣ የሚያብለጨልጭ ብረትና ትንሽ መንጠቆ ከኋላ ይጎትታሉ። ከባዱ ነገር መንጠቆውን ስንት ሜትር ላይ ማውረድ እንዳለባቸው ማወቅ ነው። ኮካኒው ቁንጫው ያለበትን ጥልቀት ይከተላል፤ አጥማጁም ኮካኒውን።

ከዚያ ሰዎች ዓሳውን የበለጠ ለማወፈር አሰቡ። ከ1968 ጀምሮ በላይኛዎቹ ሐይቆች ውስጥ ማይሲስ የሚባል ትንሽ ሽሪምፕ ጨመሩ፤ እሱም በወንዝ ወርዶ ፍላትሄድ ገባ። ሽሪምፑ ቀን ታች ተደብቆ ይውላል፤ ኮካኒው ግን የሚበላው ቀን ነው። ማታ ሽሪምፑ ይወጣና ቁንጫውን ይጨርሳል! ለምግብነት የመጣው ቀለብ ቀሚ ሆነ። ለመራባት ወደ ወንዙ የሚወጣው ኮካኒ በ1985 ከ100 ሺህ በላይ ነበር፤ በ1989 ወደ 50 ወረደ። መቶ ሳይሆን ሃምሳ። እሱን እየበሉ የሚከርሙት ከ600 በላይ ንስሮችም ቦታውን ለቀቁ።

የሐይቅና የፍላትሄድ ታሪክ አንድ አይደለም። እዚያ ዓሳው አለቀ፤ እዚህ ተገኘ። የሚያመሳስላቸው ግን ሁለቱም ቦታ ጨማሪዎቹ ስለሚጨምሩት እንጂ ስለሚበላው አለማሰባቸው ነው። ቆሮሶው ይውጣ የሚል የለም፤ የስንት ቤት ጉሮሮ ነው። ነገር ግን ዛሬም ግድብ በተሠራ ቁጥር ዓሳ እንጨምርበት ይባላል። ያኔ «ስንት ኩንታል ይገኛል?» ከማለት በፊት «ምን ሊበላ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1978 የ20 ዓመት ወጣት የነበሩት ዛሬ ወደ 70 እየተጠጉ ነው። ጥሩውን ውሃ በዓይናቸው ያዩት እነሱ ናቸው። የቢስቲማ፣ የሐይቅ፣ የደሴ ልጆች፦ አያቶቻችሁ ጋ ቁጭ ብላችሁ ውሃው ምን ይመስል እንደነበር ጠይቁና ጻፉት። የሳይንሱ መዝገብ ጥቂት ቁጥሮች ብቻ ነው ያለው፤ ቀሪው እነሱ ጋ ነው።