ከመድፉ በፊት የተዘጉት በሮች

ሜይ 22 ቀን 1856 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የማሳቹሴትሱ ሴናተር ቻርልስ ሰምነር በዋሽንግተን የሴኔት አዳራሽ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ይጽፋል። የዕለቱ ስብሰባ አብቅቷል። ከሁለት ቀን በፊት ባርነትን አጥብቆ ያወገዘ ንግግር አድርጎ ነበር፤ በንግግሩም የሳውዝ ካሮላይናውን ሴናተር አንድሩ በትለርን ስሙን ጠርቶ ተሳልቆበታል። የበትለር ዘመድ የሆነው የተወካዮች ምክር ቤት አባል ፕሬስተን ብሩክስ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ጥቂት ቃላት ተናገረና በያዘው ከዘራ፣ ከዘራው እስኪሰባበር ድረስ ጭንቅላቱን ቀጠቀጠው። ሰምነር ደም በደም ሆኖ ራሱን ሳተ። አገግሞ ወደ መደበኛ ሥራው ለመመለስ ሦስት ዓመት ያህል ፈጀበት።

ከድብደባው በላይ የሚያስደነግጠው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ብሩክስን ከምክር ቤቱ ለማባረር የቀረበው ሐሳብ የሚያስፈልገውን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሳያገኝ ወደቀ። ብሩክስ በራሱ ፈቃድ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ የመረጠው ሕዝብ ግን ወዲያው መልሶ መረጠው። ከደቡብ አድናቂዎቹ አዳዲስ ከዘራዎች በስጦታ ላኩለት። በሰሜን ከተሞች ደግሞ ሕዝቡ ለተቃውሞ ተሰበሰበ። አንዱ ወገን ወንጀል ያለውን ሌላው ጀግንነት አለው። የመጀመሪያው መድፍ እስኪተኮስ ገና አምስት ዓመት ይቀር ነበር።

ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ "ፖለቲከኞቹ መስማማት ስላቃታቸው ነው" የሚል አባባል ይደመጣል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ፖለቲከኞቹ ሰባ ዓመት ሙሉ ሲስማሙ ኖረዋል። ችግሩ የስምምነቱን ዋጋ የሚከፍሉት ሰዎች በድርድሩ ቦታ ላይ አለመኖራቸው ነበር።

የመጀመሪያው ስምምነት ሕገ መንግሥቱ በተረቀቀበት በ1787 የተደረገው ነው። የምክር ቤት መቀመጫ የሚከፋፈለው በሕዝብ ብዛት ስለሆነ የደቡብ ግዛቶች በባርነት የያዟቸው ሰዎች ጭምር እንዲቆጠሩላቸው ጠየቁ። ሰሜኖቹ ተቃወሙ። በመጨረሻ አምስቱ ባሪያ እንደ ሦስት ሰው እንዲቆጠር ተስማሙ። ስለዚህ ባሪያው ራሱ ድምፅ የለውም፤ በሕይወት መኖሩ ግን የጌታውን የፖለቲካ ጉልበት ይጨምራል።

በጊዜው ባርነት ቀስ በቀስ እየከሰመ ይሄዳል ብለው ያሰቡ ብዙዎች ነበሩ። በ1793 የተፈለሰፈው የጥጥ መዳመጫ ማሽን ይህን ግምት ገለበጠው። ጥጥ የአገሪቱ ዋና የውጭ ንግድ ዕቃ ሆነ። በ1790 ወደ 700,000 የነበረው የባሪያዎች ቁጥር በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ደረሰ። ይከስማል የተባለው ሥርዓት የአንድ ክልል የሀብት ሁሉ መሠረት ሆነ።

አገሪቱ ወደ ምዕራብ ስትሰፋ እያንዳንዱ አዲስ ግዛት የሴኔቱን ሚዛን የሚያዛባ ሆነ። በ1820 ሚዙሪ ባርነትን የሚፈቅድ፣ ሜይን ደግሞ የሚከለክል ግዛት ሆነው እንዲገቡ ስምምነት ተደረገ። በተቀሩት የሉዊዚያና መሬቶች ላይም ከ36 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ኬክሮስ በስተሰሜን ባርነት እንዳይገባ ተወሰነ። ይህ መስመር ለ34 ዓመት ሰላም የጠበቀ መሰለ። በዚያው ዘመን ግን ሰዎች ያለ ዱላ የሚከራከሩባቸው በሮች አንድ በአንድ ይዘጉ ጀመር።

መጀመሪያ የተዘጋው የምክር ቤቱ በር ነው። ባርነትን የሚቃወሙ አቤቱታዎች ሲበዙ የተወካዮች ምክር ቤት በ1836 አቤቱታዎቹ ውይይት ሳይደረግባቸው ወደ ጎን እንዲቀመጡ ወሰነ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆን ክዊንሲ አዳምስ በእርጅናው እንደ ተራ የምክር ቤት አባል ስምንት ዓመት ታግሎ በ1844 ደንቡን አሰረዘው።

ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን ተሰነጠቀች። ሜቶዲስቶች ባሪያ ያለው ሰው ጳጳስ ሊሆን ይችላል ወይ በሚል፣ ባፕቲስቶች ደግሞ ባሪያ ያለው ሰው ሚስዮናዊ ሆኖ ሊላክ ይገባል ወይ በሚል ተጣሉ። በ1845 ሁለቱም ሰሜንና ደቡብ ተብለው ተለያይተው ነበር። አንድ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡ ሰዎች አብረው መጸለይ አቆሙ።

ከሜክሲኮ በጦርነት የተወሰደው ሰፊ መሬት ጥያቄውን እንደገና ቀሰቀሰው። በ1850 ካሊፎርኒያ ከባርነት ነፃ ሆና ስትገባ፣ በልዋጩ ደቡብ ጠንካራ የሸሹ ባሪያዎች ሕግ አገኘ። በሕጉ መሠረት ሸሽቷል የተባለው ሰው በዳኝነቱ ላይ የምስክርነት ቃል መስጠት አይችልም። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚሽነር ሰውየውን ለጌታው ቢመልስ 10 ዶላር፣ ነፃ ቢለቅቀው 5 ዶላር ይከፈለዋል። ኋላ "የግዛቶች መብት" እያለ የተገነጠለው ደቡብ፣ በዚህ ጊዜ የፌዴራሉን ክንድ እስከ ቦስተን ጎዳና ድረስ ያስገባው ራሱ ነበር።

በ1854 ሴናተር ስቲቨን ዳግላስ የካንሳስና የነብራስካን ሕግ አጸደቀ። የ1820ው መስመር ቀረና ባርነት ይኑር አይኑር የሚለውን የየአካባቢው ሰፋሪ በድምፁ እንዲወስን ተባለ። ሲሰሙት ዴሞክራሲያዊ ነው። ሆኖም ጉዳዩ በዋናነት የሚመለከታቸው ባሪያዎች ድምፅ አልነበራቸውም። በማርች 1855 በካንሳስ ምርጫ ሲደረግ የተመዘገበው መራጭ 3,000 እንኳ አይሞላም ነበር፤ የተሰጠው ድምፅ ግን ከ6,000 በለጠ። የታጠቁ ሚዙሪያውያን ድንበር ተሻግረው መርጠው ተመለሱ። የምርጫ ሳጥኑም በር ተዘጋ። በሜይ 1856 የባርነት ደጋፊዎች የሎረንስን ከተማ ዘረፉ፤ በቀናት ውስጥ የጆን ብራውን ቡድን አምስት ሰፋሪዎችን ከየቤታቸው አውጥቶ ገደለ። ሰምነር የተደበደበው በዚያው ሳምንት ነው።

በማርች 1857 የፍርድ ቤቱ በር ተራውን ደረሰው። ነፃነቱን ለማግኘት ዓመታት የተሟገተውን የድሬድ ስኮትን ጉዳይ ያየው ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ፈረደበት። ዋና ዳኛው ሮጀር ቶኒ ጥቁሮች የአሜሪካ ዜጋ ሊሆኑ እንደማይችሉ፣ ኮንግረሱም ባርነትን ከአዳዲስ መሬቶች የማገድ ሥልጣን እንደሌለው አወጀ። ክርክሩን ለመዝጋት የታሰበው ውሳኔ፣ ከዚያ ወዲያ በሕግ መንገድ መከራከር ፋይዳ እንደሌለው ብዙዎችን አሳመነ።

የዊግ ፓርቲ በካንሳስ ጉዳይ ፈርሶ ነበር። በሰሜንም በደቡብም ሥር የነበረው ዴሞክራት ፓርቲም በ1860 ለሁለት ተከፈለ። በአዲሱ ሪፐብሊካን ፓርቲ የቀረበው አብርሃም ሊንከን ከሕዝቡ ድምፅ 40 በመቶ እንኳ ሳይሞላ አሸነፈ። ባርነትን ባለበት እንደማይነካው፣ ወደ አዳዲስ መሬቶች እንዳይስፋፋ ብቻ እንደሚያግድ ደጋግሞ ተናግሯል። የሚሰማው አላገኘም። ሳውዝ ካሮላይና ቃለ መሐላ እስኪፈጽም እንኳ ሳትጠብቅ ዲሴምበር 20 ተገነጠለች፤ ስድስት ግዛቶች ተከተሏት። ሳውዝ ካሮላይናና ሚሲሲፒ የመገንጠላቸውን ምክንያት በጽሑፍ ሲያወጡ ባርነትን በዋናነት አስቀምጠዋል። ኤፕሪል 12 ቀን 1861 በፎርት ሰምተር ላይ መድፍ ተተኮሰ።

ጦርነቱ አራት ዓመት ፈጅቶ ከ600,000 በላይ ወታደሮችን በላ። ባርነትን ለማዳን የተገነጠለው ደቡብ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴት ሆነ። በ1865 ባርነት በመላ አገሪቱ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተሻረ።

የውጊያውን ሚዛን ከቀየሩት መካከል ወደ 180,000 የሚጠጉ ጥቁር ወታደሮች ይገኛሉ፤ አብዛኞቹም ከባርነት የወጡ ነበሩ። በ1787 አምስታቸው እንደ ሦስት የተቆጠሩት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። አበው "ሳይቃጠል በቅጠል" ይላሉ። አሜሪካውያን ግን ቅጠሉን ሰባ ዓመት ሙሉ ያዋሉት እሳቱን ለመሸፈን ነበር። የእነዚህ ሰዎች ቃል አቤቱታ ሲጻፍ አልተነበበም፤ ፍርድ ቤት ሲቀርብም አልተሰማም። የተሰማው ጠመንጃ ሲይዙ ነው።