በኅዳር በሽታ ዓመት ለጠላት ልጅ የለመነች ሴት

ሰሞኑን ከእናንተው አንዷ ደወለችልኝ። በሰፈሯ ለችግረኛ ልጆች ደብተርና ምሳ የሚያሰባስብ ትንሽ ማኅበር አላት። «ቲቸር፣ በኮሮና ጊዜ አብረውን የጀመሩት ሁሉ አንድ በአንድ ጠፉ። ሰው ሰለቸው መሰለኝ» አለችኝ። ምን ብዬ ላጽናናት? እኔ ያለኝ ታሪክ ነው። የነገርኳትን ለእናንተም ልጻፈው።

ኅዳር 12 ሲመጣ ቆሻሻ እያቃጠልን በጭስ ያልተለበለበ የለም። «ለምንድነው?» ብዬ ስጠይቅ ግማሻችሁ «ለጽዳት» ትሉኝ ነበር እኮ! የ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ ትዝታ ነው፤ ፈረንጆቹ የስፔን ጉንፋን የሚሉት። በዚያው ወር፣ ኅዳር 2 ቀን፣ አውሮፓ ውስጥ መድፉ ዝም አለ። አዲስ አበባ ላይ ቀባሪ ሲጠፋ ለንደን ላይ የሰላም ደወል ይደወል ነበር። ደዋዮቹም ግን ያስሉ ነበር። በሽታው በብሪታኒያ ብቻ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ጨርሷል።

ጦርነቱ ቆመ እንጂ እንግሊዝና አጋሮቿ በጀርመንና በኦስትሪያ ላይ የጣሉትን የባሕር ከበባ ቶሎ አላነሡም። የሰላሙ ውል እስኪፈረም ምግብ መያዣ ሆነ። ቪየና ውስጥ የሕፃናት አጥንት በምግብ እጦት ይጣመም ነበር።

ኤግላንታይን ጀብ ያኔ 42 ዓመቷ ነው። ኦክስፎርድ ታሪክ ያጠናች፣ እንደኔ አስተማሪ የነበረች፤ ግን ማስተማሩ አልሆነላትም፣ ቶሎ ተወችው። ልጅ አቅፋ የምታጫውት ዓይነት ሴትም አልነበረችም ይባላል። (ይሄን ሳነብ ደስ ይለኛል። ለልጅ ለመቆም የግድ ልጅ ወዳድ መሆን አያስፈልግም ማለት ነው።) እህቷ ዶሮቲ በክስተን በጦርነቱ ዓመታት የጠላት አገር ጋዜጦችን እያስተረጎመች ታሳትም ስለነበር እዚያ ያለውን ረሃብ ከብዙ ሰው ቀድመው አውቀውታል።

ሚያዝያ 1911 ላይ ጀብ ትራፋልጋር አደባባይ ወጥታ የተራበ የኦስትሪያ ሕፃን ፎቶ ያለበት ወረቀት በተነች። ሳንሱር አላየውም ተብሎ ተያዘች። ግንቦት 7 ፍርድ ቤት ቀረበችና ያለ ጠበቃ ራሷ ተከራከረች፤ 5 ፓውንድ ተቀጣች። አሁን ነው ጉዱ፦ የከሰሳት ዐቃቤ ሕግ አርቺባልድ ቦድኪን ችሎቱ ሲያበቃ 5 ፓውንድ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ያቺ ገንዘብ የሴቭ ዘ ችልድረን የመጀመሪያ መዋጮ ሆነች።

ከአራት ቀን በኋላ እህትማማቾቹ በሮያል አልበርት አዳራሽ ስብሰባ ጠሩ። «ለከሃዲዎቹ» ሊወረውር የበሰበሰ ፍራፍሬ ይዞ የመጣም ነበር ይባላል። እስቲ አዳራሹን አስቡት። አንዱ ልጁን ጦር ሜዳ ቀብሯል፣ ሌላው ሚስቱን በጉንፋኑ። ለእነዚህ ሰዎች ነው «ለጀርመንና ለኦስትሪያ ልጆች ስጡ» የተባለው። ሰጡ! የማዕድን ሠራተኞች መሪ የነበረው ሮበርት ስሚሊ ከጎኗ ቆመ። በታኅሣሥ 1912 ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 15ኛ በየካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ ለተራቡት ልጆች ገንዘብ እንዲሰበሰብ አዘዙ፤ እሷ ካቶሊክ እንኳ አይደለችም። ሰው ሲሰለች ደግሞ አትቆጣም፤ አዲስ ፎቶ፣ አዲስ ቁጥር፣ አዲስ የጋዜጣ ማስታወቂያ ይዛ ትመጣለች። ልግስና እንደ ማንኛውም ሥራ ዕቅድና ሒሳብ ይፈልጋል ባይ ነበረች።

በኋላ ጄኔቫ ላይ የሕፃናት መብቶች መግለጫን አረቀቀች። አምስት አጫጭር ነጥቦች ናቸው። ከመግቢያው ዘርና ሃይማኖት ሳይለይ ይላል፤ ሦስተኛው ነጥብ በመከራ ጊዜ እርዳታ መጀመሪያ ለልጅ ይድረስ ይላል። የመንግሥታት ማኅበር በ1924 እ.ኤ.አ. ሲያጸድቀው ኢትዮጵያም አባል ነበረች፤ የገባነው በመስከረም 1916 ዓ.ም. ነው።

እዚህ ላይ ስለራሴም ልናገር። በ2013፣ ኮሮናው ገና ሳይለቀን፣ እኛም ሰፈር ለልጆች ዘይትና ዱቄት እናዋጣ ነበር። ዝርዝሩ ሲነበብ ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ስም ላይ ሲደረስ አንድ ሰው «መጀመሪያ የራሳችንን» አለ። እኔ የታሪክ መምህሩ፣ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ዝም አልኩ። የእነሱ ስም ከታች ተጻፈ። ዘይቱም ከላይ አለቀ።

ይሄንንም ለልጅቷ ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «እሺ ቲቸር፣ ታዲያ ዘንድሮ ስንት ደርዘን ደብተር ልጻፍብዎ?» አለችኝ።

አምስት ብያታለሁ። ጡረታዬ የሚችለው እሱን ነው። የቀረውን እናንተ ተካፈሉት፤ ስልኳን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እልካለሁ።