ኪንታሮት ነው የተባለው ሕመም፦ የትልቁ አንጀት ካንሰር ታሪካዊ ቅኝት

በጥንቷ ግብፅ ቤተ መንግሥት የንጉሡን መቀመጫ የሚጠብቅ ሐኪም ነበር፤ ማዕረጉ በመቃብር ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ተገኝቷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ገደማ የተጻፈውና ዛሬ ቼስተር ቢቲ ስድስት እየተባለ የሚጠራው ፓፒረስም በአብዛኛው የሚያወራው ስለ ፊንጢጣ ሕመምና ስለ መድኃኒቱ ነው። የዚያ ዘመን ሰዎች ስለዚህ የሰውነት ክፍል በግልጽ ጽፈዋል፣ ሐኪሙንም አክብረውታል። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ እየተሸፋፈነ ሄዶ፣ ሰው ለትዳር ጓደኛው እንኳ የማይነግረው ሕመም ሆነ። የትልቁ አንጀት ካንሰር ታሪክ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወደፊት የተራመደው አንድ ሰው ደፍሮ ሲናገርና ሌላው ጆሮ ሰጥቶ ሲያዳምጥ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆን አርደርን በ14ኛው መቶ ዘመን ስለ ፊስቱላ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የፊንጢጣ ካንሰርን ምልክቶች ዘርዝሯል። በሽተኛው በየጊዜው መጸዳጃ ቤት ይመላለሳል፤ የሚወጣው ግን ደምና ንፍጥ ነው። አርደርን ሌሎች ሐኪሞች ይህን እንደ ተራ የደም ተቅማጥ ቆጥረው ሲያክሙ ተመልክቶ ነበር። እሱ ጣቱን አስገብቶ ሲዳስስ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነገር አገኘ። ከዚህ ሕመም የዳነ ሰው አይቶም ሰምቶም እንደማያውቅ በሐቀኝነት ጽፏል። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ አልፎም ያ ስሕተት አልቀረም። ዛሬም ደም ያየ ሰው የአሜባ መድኃኒት ገዝቶ ይወስዳል፣ ሳይሻለው ሲቀር ይደግመዋል፣ ቀጥሎ የኪንታሮት ቅባት ይሞክራል። ጣት ግን አልዳሰሰውም።

ቀዶ ሕክምናው በዝግታና በብዙ ሞት መጣ። በ1776 ፈረንሳዊው ፒዮር በካንሰር አንጀቱ የተዘጋ አንድ የወይን ጠጅ ነጋዴ ሆድ ከፍቶ ለሰገራ አዲስ መውጫ አበጀለት። መውጫው ሠርቷል፤ ሰውየው ግን መዘጋቱን ይከፍትልኛል ብሎ አስቀድሞ የዋጠው ሜርኩሪ አንጀቱን ጎድቶት ኖሮ ከወር ያነሰ ጊዜ ቆይቶ ሞተ። በ1826 ሊስፍራንክ ፓሪስ ውስጥ በካንሰር የተያዘ ፊንጢጣን ቆርጦ በማውጣት ተሳካለት። ማደንዘዣ ገና ያልታወቀበት ዘመን ስለነበር፣ የዚያን በሽተኛ ጽናት ሳስበው ከሐኪሙ ጥበብ ይልቅ እሱ ይደንቀኛል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1908 ነው። የለንደኑ ኧርነስት ማይልስ ከታች በኩል ብቻ የቀዶ ሕክምና ያደረገላቸው በሽተኞች ከሞላ ጎደል ሁሉም ካንሰሩ ተመልሶባቸው እንደነበር ሳይደብቅ ተናገረ፤ ስለዚህ ከሆድም ከታችም ገብቶ ዕጢውን ከዙሪያው ንፍፊቶች ጋር ማውጣት ጀመረ። በዚያው ከተማ በሴንት ማርክስ ሆስፒታል የሚሠራው ፓቶሎጂስት ከዝበርት ዱክስ ደግሞ በ1932 ካንሰሩን በደረሰበት ጥልቀት ከፋፈለው፦ ከአንጀቱ ግድግዳ ያልወጣ፣ ግድግዳውን ያለፈ፣ ንፍፊት የገባ። ዛሬ ሐኪም ለበሽተኛው «ደረጃው ይህ ነው» ሲል የሚናገርበት መንገድ መሠረቱ ይኸው ክፍፍል ነው። ልዩነቱም የሕይወትና የሞት ነው። በአሜሪካ አኃዝ መሠረት ካንሰሩ ከአንጀት ሳይወጣ ከተገኘ ከመቶ 90 ያህሉ ሰዎች ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት ይገኛሉ፤ ወደ ጉበት ወይም ሳንባ ከተዛመተ በኋላ ከሆነ ግን ከመቶ 15 ገደማ ብቻ።

ከቀዶ ሕክምና ተርፎ የሚኖር ሰው ሌላ ፈተና ነበረበት። በሆዱ ላይ የተከፈተው መውጫ ይፈስሳል፣ ይሸታል፤ ከሰው መቀላቀል ያስፈራል። በ1954 ኤሊዘ ሶረንሰን የተባለች ዴንማርካዊት ነርስ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከቤት መውጣት የፈራች እህቷን አይታ ቆዳ ላይ የሚጣበቅና ተነሥቶ የሚጣል ከረጢት አሰበች። ስንቱ ሊቅ ያላየውን ያየችው የእህቷ ጭንቀት ያሳሰባት ነርስ ናት።

ለእኔ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ቦታ የምትይዘው በልብስ ስፌት የምትተዳደር አንዲት አሜሪካዊት ናት። በ1895 በአን አርበር ከተማ ለፕሮፌሰር አልድሬድ ዋርቲን ጭንቀቷን ነገረችው። ቤተሰቦቿ በአንጀት፣ በሆድ ወይም በማህፀን ካንሰር አንድ በአንድ እንዳለቁ፣ እሷም ዕድሜዋ ሳይገፋ በዚያው እንደምትሞት አጫወተችው። በወቅቱ ጤነኛ ነበረች። ዋርቲን «ፍርሃት ነው፣ ይለፍሽ» ብሎ አላሰናበታትም፤ የዘር ሐረጓን በእሷው እርዳታ መዘገበ። ኋላም እንደፈራችው ዕድሜዋ ሳይገፋ በማህፀን ካንሰር ሞተች። ዋርቲን ጥናቱን በ1913 አሳተመ፤ አብዛኛው የሕክምና ዓለም ግን ካንሰር በዘር ይወረሳል የሚለውን ሐሳብ ለአሥርት ዓመታት ችላ አለው። በ1960ዎቹ የኔብራስካው ሐኪም ሄንሪ ሊንች ተመሳሳይ ቤተሰቦችን አጥንቶ ጉዳዩን እንደገና አነሣ፤ ገንዘብ የሚሰጠው አጥቶ፣ ባልደረቦቹም ተጠራጥረውት ቀጠለ። በ1993 ጥፋቱን ከሚያመጡት ጂኖች የመጀመሪያው ተለየ። ከጊዜ በኋላ የዚያች ልብስ ሰፊ ዘመዶች ሲመረመሩ ያው ጂን ተበላሽቶ ተገኘባቸው። በዘር የሚተላለፈው ይህ ችግር ዛሬ ሊንች ሲንድሮም ይባላል። በእኔ ሚዛን ግን የመጀመሪያውን ምርመራ ያደረገችው እሷ ናት።

ካንሰሩ በአብዛኛው በአንድ ሌሊት አይመጣም። በአንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ፖሊፕ የሚባል ትንሽ ሥጋ ይበቅላል፤ ከፖሊፖቹ ጥቂቶቹ ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ወስደው ወደ ካንሰር ይለወጣሉ። በ1990 ፊሮንና ቮግልስታይን ይህ ጉዞ በየትኞቹ የጂን ለውጦች ደረጃ በደረጃ እንደሚሄድ አሳዩ። በ1969 ደግሞ ሂሮሚ ሺንያና ዊልያም ዎልፍ ኒው ዮርክ ውስጥ ሆድ ሳይከፍቱ አንጀትን ከውስጥ በሚያሳየው የኮሎኖስኮፒ ቱቦ ውስጥ ባሳለፉት የሽቦ ቀለበት ፖሊፕ ቆርጠው ማውጣት ጀምረው ነበር። ከዚያ በኋላ ካንሰሩን ከመወለዱ በፊት ማስቀረት ተቻለ። ርካሽ የሆነው መንገድም ውጤት አሳየ። በሚኒሶታ የተደረገና በ1993 የታተመ ጥናት፣ በየዓመቱ ሰገራቸው ለተደበቀ ደም በተመረመረ ሰዎች ዘንድ በዚህ ካንሰር የሚሞተው በአንድ ሦስተኛ መቀነሱን አረጋገጠ።

ሳይንሱ ቢደርስም ሰው ካልመጣ ዋጋ የለውም። በ1985 የፕሬዚዳንት ሬገን የአንጀት ካንሰር በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ስለ አንጀት አወራ። ጋዜጠኛዋ ኬቲ ኩሪክ ባሏ በ42 ዓመቱ በዚሁ በሽታ ከሞተባት በኋላ፣ በ2000 የራሷን ኮሎኖስኮፒ በቴሌቪዥን አሳየች፤ በተከታዮቹ ወራት የሚመረመረው ሰው ቁጥር በግልጽ ጨመረ። አንድ ሰው ሳያፍር ሲናገር የሚያመጣውን ለውጥ በቁጥር ማየት ብርቅ ነው።

ወደ አፍሪካ ስንመጣ ዴኒስ በርኪትን እናገኛለን። ይህ አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም በኡጋንዳ ለዓመታት ሲሠራ የአንጀት ካንሰር እምብዛም አላጋጠመውም፤ በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ ምክንያቱ የሕዝቡ ምግብ በአሰር የበለጸገ መሆኑ ነው አለ። ጥያቄው ብሩህ ነበር፤ ያልተፈተገ እህል መብላት እንደሚጠቅምም ኋላ ብዙ ጥናት ደግፎታል። ከዚያ የተወለደው መጽናኛ ግን ጎድቶናል። በሽታው የፈረንጅ ነው፣ ጤፍና ሽሮ የሚበላ ሰው አይነካውም የሚል እምነት በተማረውም ባልተማረውም ዘንድ ቆየ። በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲቆጥር፣ በወንዶች ላይ ከታዩት ካንሰሮች ግንባር ቀደሙ የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር ሆኖ ተገኘ።

በእኛ አገር ምርመራውን የሚያከብድ እውነተኛ ምክንያትም አለ። አሜባው፣ ቢልሃርዝያው፣ የመንጠቆ ትሉ ሁሉም ደም ያስፈስሳሉ፤ ኪንታሮትም ያስፈስሳል። ደም ካዩት መካከል አብዛኞቹ ካንሰር የለባቸውም። ስለዚህ በሰገራ የደም ምርመራ ብቻ ሕዝብን ማጣራት እንደ ሚኒሶታ ቀላል አይሆንም፤ ኮሎኖስኮፒም የሚገኘው በዋናነት በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ነው። የአርደርን ጣት ግን ጓንት ብቻ ይፈልጋል፤ ከፊንጢጣ ካንሰሮች ብዙዎቹም ጣት በሚደርስበት ይገኛሉ። ደም አየሁ ያለን ሰው ሳይዳስሱ «ኪንታሮት ነው» ብሎ መሸኘት ልንታገሠው የማይገባ ነገር ነው። በሽተኛውም «ዳሱኝ» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። የሰገራ ልማድ ከሦስት ሳምንት በላይ ከተለወጠ፣ ተጸዳድተውም ያልጨረሱ ከመሰለ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ወይም ወንድ ሆኖ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ ከተገኘበት ነገሩ በመድኃኒት ቤት የሚያልቅ አይደለም።

ዕድሜም ዋስትና መሆኑ ቀርቷል። ተዋናዩ ቻድዊክ ቦዝማን በ2020 በዚሁ ካንሰር ሲሞት 43 ዓመቱ ነበር፤ በአሜሪካ በወጣቶች ላይ በሽታው እየጨመረ በመምጣቱ የምርመራ መጀመሪያው ዕድሜ በ2021 ከ50 ወደ 45 ዝቅ ብሏል። ወላጅ፣ ወንድም ወይም እኅት ታሞበት ከሆነ ሐኪሞች በ40 ዓመት፣ ወይም ያ ዘመድ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ መመርመርን ይመክራሉ፤ ከሁለቱ የሚቀድመው ይወሰዳል። አባቱ በ45 የታመመበት ልጅ በ35 ይጀምራል ማለት ነው። በእኛ ቤት ግን ብዙ አባቶች የሞቱት «በሆድ ሕመም» ተብሎ ነው። እንዲህ የተነገረው ልጅ ታላላቆቹን ሊጠይቅ ይችላል፦ በስንት ዓመቱ ጀመረው? ደም ይታይ ነበር? ከስቶ ነበር? ከአክስትና ከአጎትስ እንዲህ የሆነ ነበር? መልሱን በወረቀት ጽፎ ለሐኪሙ ይስጠው።