የፖሊስ ሠራዊት ስንቅና ትጥቅ ዜና

በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በታጁራና በጅቡቲ በኩል የገባው ጠመንጃ አገሩን መላው። ውጅግራው፥ ምንሽሩ፥ ናስማስሩ በየቤቱ ተሰቀለ። ጥይቱም በብዙ ገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ሄደ፤ የማሪያ ትሬዛ ብር ለጥቂት በርበሬ ቢከብድ ጊዜ ሸማቹ መልሱን በጥይት ይቀበል ነበር። መንግሥት ግን ለባለ ጠመንጃው ደመወዝ የሚቆርጥበት ግምጃ ቤት ገና አላደረጀምና ወታደሩ የሚያድረው በገባር ላይ ነበር። ገባሩ እህል ይፈጫል፥ እንጨት ይሸከማል፥ ማር ይሰፍራል፤ ወታደሩም የጌታውን ፊት እያየ ይዘምታል። አዲስ አበባን የሚጠብቀው የአራዳ ዘበኛም የወጣው ከዚሁ ሥርዓት ነው። ነፍጡ የማን ነው ቢሉ የመጋቢው ነው፤ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

አፄ ኃይለ ሥላሴ በነገሡበት ዓመት፥ ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ.ም.፥ ከእንግሊዝ፥ ከፈረንሳይና ከኢጣሊያ ጋር ፓሪስ ላይ የመሣሪያ ውል ተፈረመ። ንጉሠ ነገሥቱ አገራቸውን ከውጭ ጠላት ለመከላከልና የውስጡን ጸጥታ ለመጠበቅ የሚበቃቸውን መሣሪያ እንዲያስገቡ ውሉ ፈቀደ። በአዲስ አበባና በጥቂት ሌሎች ከተሞችም አዲስ የታጠቀ ዘበኛ ቆመ። ይሁን እንጂ የኢጣሊያ ወረራ በቀረበ ጊዜ ጎረቤት ቅኝ ገዢዎች በሩን አጠበቡት፤ በወረቀት የተፈቀደው መሣሪያ በመንገድ ላይ ተከለከለ።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ጃንሆይ በምድር ባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። የቤተ መንግሥቱ መሣሪያ ግምጃ ቤት ተከፈተ፥ ነፍጡም በሕዝብ እጅ ገባ። ጠላት ከተማውን እስከ ያዘበት እስከ ሚያዝያ 27 ድረስ ሱቅ ተዘረፈ፥ ቤት ተቃጠለ፥ የውጭ አገር ሰዎችም በየሌጋሲዮኑ ግቢ ተጠጉ። ከተማው ጠመንጃ አላጣም፤ ከመጠን በላይ ነበረው። ያጣው ባለ ጠመንጃውን ቀለብ ሰጥቶ የሚያዝ ሰው ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው ቀን፥ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፥ ጃንሆይ ወደ መናገሻ ከተማቸው ተመለሱ። አርበኛውም ባንዳውም ገበሬውም የኢጣሊያ ጠመንጃ ታጥቋል፤ ግምጃ ቤቱ ግን ባዶ ነው። ስለዚህ ጥር 23 ቀን 1934 ከእንግሊዙ ጄኔራል ከሰር ፊሊፕ ሚቼል ጋር ውል ተፈራረሙ። እንግሊዝ በመጀመሪያው ዓመት 1,500,000 ፓውንድ፥ በሁለተኛው 1,000,000 ልትሰጥ፥ ውሉ ከጸና ደግሞ በሦስተኛው 500,000፥ በአራተኛው 250,000 ልትጨምር ተስማማች። ገንዘቡም ብቻውን አልመጣም። የፖሊሱ ኮሚሽነር እንግሊዛዊ እንዲሆን፥ መኮንኖችና ተቆጣጣሪዎችም ከዚያው እንዲመጡ፥ የመንግሥቱ ወጪም በእንግሊዛዊ አማካሪ ምክር እንዲሆን ተጻፈ። በዚያው ዓመት የፖሊስ አዋጅ ቁጥር 6 ወጣ፥ ፖሊስም በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ሆነ። የየአውራጃው ገዢም ከእንግዲህ የራሱን ጭፍራ አያቆምም፥ በደመወዝ ያድራል ተባለ። ሕጉ መልካም ነበር፤ የኢትዮጵያን ዘበኛ የሚያዝ ባዕድ መሆኑ ግን ልብ የሚያቆስል ነገር ነው።

ጠመንጃ መግዛት የአንድ ቀን ወጪ ነው፤ የሚከብደው ማኖሩ ነው። ዘበኛው ከጥበቃ ሲመለስ ጥይቱ አንድ በአንድ ተቆጥሮ መዝገብ ላይ ይገባል፤ አፈሙዙ በጨርቅና በዘይት ይወለወላል፥ ጠመንጃውም ቁጥሩ ታይቶ በመደርደሪያው ይቆለፋል። ለዚህ ጸሐፊ ያስፈልጋል፥ ጠጋኝ ያስፈልጋል፥ ቁልፍ ያዥ ያስፈልጋል፤ ሁሉም ደመወዝተኛ ነው። የኢጣሊያው ጠመንጃ 6.5 ሚሊሜትር፥ የእንግሊዙ 7.7 ሚሊሜትር ጥይት ይጎርሳል፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ሁለቱ በአንድ ግምጃ ቤት ሲገናኙ ሁለት ዓይነት ጥይት፥ ሁለት ዓይነት መለዋወጫ መግዛት ግድ ይሆናል። ጥይቱ ያለቀበት ዘበኛ በሽፍታ ፊት ዱላ ከያዘ እረኛ አይሻልም። መንግሥት ይህን ወጪ በገጠሩ ሁሉ ሊችለው አልቻለም፤ ስለዚህም በብዙ ቦታ ሽፍታ የሚያሳድደው፥ እስረኛ የሚያጅበው ነጭ ለባሹ ሆነ። ነጭ ለባሽ የራሱን ጠመንጃ ይዞ፥ እርሻውን ትቶ፥ ያለ ደመወዝ የሚወጣ ገበሬ ነው። ይህ ለመንግሥት ርካሽ ነበር፤ ዕዳውን የከፈለው ግን ያ ገበሬና ያደረበት ሰው ቤት ነው።

በ1937 ዓ.ም. ሁለት ነገር ሆነ። የመሬት ግብር አዋጅ ቁጥር 70 ወጣ፤ በብዙው ጠቅላይ ግዛት ለም የሆነ አንድ ጋሻ መሬት ከነአሥራቱ 50 ብር፥ ለም ጠፍ 40 ብር፥ ጠፉ 15 ብር እንዲከፍል ተቆረጠ። ታኅሣሥ 10 ቀን ደግሞ የእንግሊዝ ውል በሌላ ውል ተተካ። ሁለቱን ለየብቻ የሚጽፏቸው አሉ፤ እኔ ግን አንድ ሆነው ይታዩኛል። የራሱ ግብር ያልገባለት መንግሥት የሰውን ገንዘብና የሰውን አዛዥ ሊያሰናብት አይችልምና። በ1939 የአባዲና ፖሊስ ኮሌጅ ተከፈተ፥ አገሩም የራሱን መኮንን ማሠልጠን ያዘ።

በታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ የፖሊሱ ኮሚሽነር ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ከአድመኞቹ ጋር ሆነው ሞቱ። በእነዚያ ዓመታት አሜሪካ ለፖሊሱ ሥልጠናና ዕቃ ረዳች፥ እስራኤልም ለኤርትራ የሚሆነውን ኮማንዶ ፖሊስ አሠለጠነች፤ የውጭ እጅ በሌላ በር ተመለሰ።

በ1960 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። የጎጃም ሰው ርስቴን ሊለኩብኝ፥ ሊወስዱብኝ ነው ብሎ እምቢ አለ፤ በሞጣና በብቸና፥ በዳሞትም ሕዝቡ ተነሣ። ፖሊስና ብሔራዊ ጦር ዘመተ፥ አውሮፕላንም በመንደር ላይ ቦምብ ጣለ። ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ነው፦ ግብሩ ለዘበኛው ስንቅ ሊሆን ነበር፥ ዘበኛው ደግሞ ግብሩን ሊያስከፍል በገባሩ ላይ ነፍጥ አነሣ። ጃንሆይም የግዛቱን እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አነሡ፥ ሌላ ሹም ተኩ፥ የቆየውንም ውዝፍ ግብር ማሩ። አዲሱ ግብር በጎጃም ሳይሰበሰብ ቀረ፤ ለዘመቻው የወጣው ስንቅና ጥይት ግን ከዚያው ከመንግሥት ግምጃ ቤት ተከፍሎ አልቆ ነበር።